በስኳር በሽታ በተጎዳ ኩላሊት የብግነት ዘረመሎች ሥራ

የብግነት ዘረመሎች ሰውነት ጉዳት ወይም ተውሳክ ሲገጥመው የመከላከያ ሴሎችን የሚጠሩ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ የሚያደርጉ ዘረመሎች ናቸው። ብግነት (የሰውነት መቆጣት) በጤናማ ሰው ጊዜያዊ ነው። በስኳር በሽታ ግን በኩላሊት ውስጥ ሳያቋርጥ ሊቀጥልና ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታን ሊያባብስ ይችላል።

== አሠራር ==
የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል በኩላሊት ሴሎች ውስጥ ኤን ኤፍ-ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ይነቃል። ይህ ፕሮቲን ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ ከዲ ኤን ኤ ጋር በመያያዝ የኤም ሲ ፒ-1፣ የቲ ኤን ኤፍ-አልፋና የኢንተርሊውኪን-6 ዘረመሎችን ሥራ ይጨምራል። ኤም ሲ ፒ-1 ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ኩላሊት ይስባል። ብግነቱ ሲቆይ የኩላሊት ማጣሪያዎች ይጎዳሉ፣ አልቡሚን ወደ ሽንት ያልፋል፣ ጤናማው የኩላሊት ክፍልም በጠባሳ ይተካል።

== የሜታቦሊዝም ትውስታ ==
በዚህ ሂደት የዘረመሎቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሥራቸው መጠን ነው። ሆኖም ከፍተኛ ስኳር በዲ ኤን ኤና ዲ ኤን ኤው በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ሊተው ይችላል። ከ1983 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት 1 ስኳር ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ከጥናቱ በኋላም ለዓመታት አነስተኛ የኩላሊት ጉዳት ታይቶባቸዋል። ይህም የሆነው በኋላ የሁለቱ ቡድኖች የስኳር መጠን ተቀራርቦ ሳለ ነው። ለዚህ ክስተት ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እነዚሁ ምልክቶች ናቸው።

የኩላሊት ጉዳት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ስሜት ስለሌለው፣ ስኳርን ቀድሞ መቆጣጠርና የሽንት አልቡሚንን በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል።