ግማሽ ኪሎ ድንኳን፣ ግማሽ ሊትር ውሃ

ከድሬዳዋ ተነስቶ ብቻውን በእግር የሚጓዝ ሰው የአንድ ሰው ድንኳን እንዴት ይምረጥ?

ከድሬዳዋ ወጥቶ በእግሩ ወደ ደንገጎ ተራሮች ለሚያቀና፣ ወይም ወደ ሰሜን ወደ ኢሳ ሜዳ ለሚወርድ ብቸኛ ተጓዥ ከሸክሙ ሁሉ የሚከብደው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን የሚያቀል ብልሃት እስካሁን አልተገኘም። ምግብ ደርቆ ይቀላል፣ ልብስ ይሳሳል፣ ውሃ ግን ምንጊዜም ያው ነው። በቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሚራመድ ሰው በመንገዱ ላይ ጉድጓድ ወይም ቧንቧ ከሌለ አራትና አምስት ሊትር ተሸክሞ መነሳት ይኖርበታል። ስለዚህ ከሌላው ዕቃ ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ የግማሽ ሊትር ውሃ ቦታ ያስለቅቃል። ሁለት ሰዎች አብረው ሲጓዙ አንዱ ሸራውን ሌላው ዘንጉን ይይዛል፤ ብቻውን የሚሄድ ግን ሁሉም በራሱ ትከሻ ላይ ነው።

ቀላል ድንኳን የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቅለት ብቻውን መለኪያ ከሆነ ተጓዡን ሊጎዳው ይችላል። አየር የማያስገባ ድንኳን ያተረፈውን ውሃ በላብ መልሶ ይወስዳል። ድንጋያማ መሬት ላይ መቆም የማይችል ድንኳን ደግሞ ባለቤቱን ወደማይታደርበት ስፍራ ይጎትተዋል። የድሬዳዋ ተጓዥ ድንኳኑን መመዘን ያለበት በኪሎም በውሃም ነው።

የላብ ሂሳብ

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ተሸክሞ 1,000 ሜትር ሽቅብ ወጣ እንበል። ስበትን ለማሸነፍ ብቻ ወደ 700 ኪሎ ጁል ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰውነት ለዚህ አቀበት 2,800 ኪሎ ጁል ገደማ ያቃጥላል፣ ከዚያም 2,100 ያህሉን እንደ ሙቀት ማስወጣት አለበት። የአካባቢው አየር 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ከቆዳ ሙቀት ጋር ስለሚስተካከል አየሩ ሙቀት አይቀበልም፤ የሚቀረው መውጫ ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አቀበቱ ባይበዛ 900 ሚሊ ሊትር ላብ ይጠይቃል ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ የአንድ ኪሎ ሸክም ድርሻ 12 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቀላል ድንኳን ላቡን እምብዛም አይቀንስም፤ ጥቅሙ ለውሃ ቦታ መልቀቁ ላይ ነው።

አሁን ሌሊቱን እንመልከት። ተኝቶ የሚያርፍ ሰው በሰከንድ 80 ጁል ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም በስምንት ሰዓት 2,300 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ በድንኳኑ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ አብዛኛው ሙቀት ያለ ላብ ይወጣል። የድንኳኑ አየር ታፍኖ ከቆዳ ሙቀት ጋር ከተቀራረበ ግን ያ ሁሉ ሙቀት በላብ መውጣት ይኖርበታል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ከሆነ አንድ ሊትር፣ እኩሌታውን ከሆነ ግማሽ ሊትር ውሃ ይባክናል። ታፍኖ ማደር ተራራ ከመውጣት የማይተናነስ ውሃ ሊያስወጣ ይችላል ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ለመቆጠብ ሲባል የአየር መውጫ የሌለው ድንኳን የገዛ ሰው ያተረፈውን በአንድ ሌሊት ያጣዋል።

አየር የሚያስገባ ቤት

ይህን ነገር በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አቃል የሚባለው ቤታቸው ከታጠፉ የግራር ሥሮችና እንጨቶች የሚቀለስ፣ በላዩ ላይ በሣርና በቃጫ የተሠራ ሰሌን የሚለብስ ክብ ጎጆ ነው። የሚሠሩትም የሚተክሉትም ሴቶቹ ናቸው። ጉዞ ሲመጣ ይፈታል፣ በግመል ይጫናል፣ በደረሱበት ይተከላል። ሰሌኑ እንደ ወቅቱ ይነሳል ይደረባል፤ በሙቀት ጊዜ ከታች ገለጥ ሲደረግ ነፋስ ያልፋል። የሣር ክር ሲርስ ስለሚያብጥ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይላላል። ቅስት ቅርጹም ነፋሱን ከመጋፈጥ ይልቅ በላዩ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ዛሬ የሚሸጠው ባለ ቅስት ዘንግ ድንኳን በመሠረተ ሐሳቡ ከአቃል የራቀ አይደለም።

ዘመናዊው ድንኳን ይህን ሥራ የሚሠራው በሁለት ሽፋን ነው። የውስጠኛው አጎበር መሰል መረብ ሲሆን የላይኛው ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ነው። በሁለቱ መካከል የእጅ መዳፍ የሚያህል ክፍተት አለ። ከሰውነት የሚወጣው ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ መውጫ፣ ከታች ደግሞ መግቢያ ካገኘ ያለ ምንም ነፋስ እንኳ ራሱን እያንቀሳቀሰ ይተካል። ስለዚህ በድንኳን ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ከአናቱ አጠገብ የሚከፈት መስኮት መኖሩና የላይኛው ጨርቅ ከመሬት ከፍ ብሎ መቆሙ ነው።

ባለ አንድ ሽፋን ድንኳን ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ችግሩ ከፍ ወዳለው አገር ሲወጡ ይገለጣል። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን ተጓዡ ከዚያ ተነስቶ በሐረርጌ ተራሮች ላይ ሲያድር ብርዱን ያገኘዋል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ጨርቁ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። አንድ ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ በትንፋሹና በቆዳው ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ በተን መልክ ያወጣል። ያ ተን ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ሁለት ሽፋን ካለ ጤዛው በላይኛው ጨርቅ ላይ ቀርቶ ወደ ጠርዙ ይወርዳል፤ አንድ ሽፋን ብቻ ከሆነ ፊትና ብርድ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል።

መረቡ ሌላም ትልቅ ሥራ አለው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ተመራማሪዎች በኔቸር ሜዲስን መጽሔት ባወጡት ጥናት ወረርሽኙን አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ወራሪ የወባ ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይህች ትንኝ ከደቡብ እስያ የመጣች ስትሆን በበርሜልና በታንከር ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ ስለዚህ በከተማም በደረቅ ወቅትም ትኖራለች። የመረቡ ቀዳዳ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ማነስ፣ ዚፑም እስከ ጥጉ መዘጋት አለበት። ዝናብ በማይጠበቅበት ሌሊት የላይኛውን ጨርቅ ገፎ በመረቡ ብቻ ማደር ይቻላል። ለድሬዳዋ ቆላ ከዚህ የተሻለ መኝታ የለም፦ ነፋሱ ይገባል፣ ትንኝ ግን አትገባም።

ጨርቁን ማንበብ

በድንኳን መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮች ደጋግመው ይመጣሉ። አንዱ ዴኒየር ሲሆን የክሩን ውፍረት ይናገራል፤ የክሩ 9,000 ሜትር 20 ግራም ከመዘነ 20 ዴኒየር ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ጨርቁ ይቀላል፣ ይሳሳልም። ሌላው በሚሊ ሜትር የሚጻፈው የውሃ ዓምድ ነው። ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ ቱቦ ይተከልና ውሃ እየተሞላ ጠብታ ከሥር እስኪወጣ ድረስ ቁመቱ ይለካል። ለላይኛው ሽፋን 1,500 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ዝናብ ይበቃል።

ወለሉ ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል። 30 ኪሎ የሚሆን የሰውነት ክብደት ጉልበት ላይ አርፎ መዳፍ በሚያህል፣ ማለትም 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ስፍራ ሲጫን፣ የሚፈጥረው ግፊት ከ3,000 ሚሊ ሜትር የውሃ ዓምድ ጋር እኩል ነው። መሬቱ እርጥብ ከሆነና ወለሉ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ውሃው በተንበረከኩበት በኩል ይገባል። በዚህ አገር ደግሞ የግራር እሾህ አለ። ስለዚህ ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ቀጭን ላስቲክ ትርፍ ክብደት ተብሎ መተው የለበትም።

ናይለን ጠንካራና ቀላል ነው፤ ሲርስ ግን ይለጠጣል፣ ድንኳኑም ይረግባል። ፖሊስተር በእርጥበት አይለጠጥም፣ ፀሐይንም ከናይለን ይበልጥ ይችላል። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ጨርቅ የሚያበላሸው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፀሐይ በሚበረታበት በድሬዳዋ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚገለገሉበት ድንኳን ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ መንቀልም የማንኛውንም ጨርቅ ዕድሜ ያስረዝማል።

ያለ ካስማ የሚቆም

ከድንኳኖች ሁሉ ቀላሎቹ የራሳቸው ዘንግ የላቸውም። በመንገደኛው ምርኩዝ ተደግፈው፣ በካስማና በአውታር ተወጥረው ይቆማሉ፤ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ በታች ይወርዳል። ለሣር ሜዳ ድንቅ ናቸው። ካስማ በማይገባበት ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን አይቆሙም።

ይህ በድሬዳዋ ዙሪያ የሕይወት ጉዳይ ነው። ኮረብታው ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ ካስማ በቀላሉ የሚገባበት፣ ሜዳና ለስላሳ የሆነው ስፍራ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሲሆን ውሃውን የሚያመጣው ከደቡብ ካሉት ተራሮች ነው። በድሬዳዋ ሰማይ ላይ አንዳች ደመና ሳይኖር በደጋው የወረደ ዝናብ ገደላገደሉን ይዞ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሰዎች ተኝተው ሳለ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አድርጓል። የድሬዳዋ ሰው ይህን አይረሳም። እንግዳ ተጓዥም ሊያውቀው ይገባል፦ በደረቀ ወንዝ ውስጥ፣ በየትኛውም ወቅት፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

ስለዚህ ሁለት ተሻጋሪ ዘንግ ያለውና በራሱ የሚቆም ድንኳን ሦስትና አራት መቶ ግራም ቢጨምርም ለዚህ አገር ትክክለኛው ነው። ከወንዙ በላይ ባለው አለታማ ዳርቻ ይተከላል፤ በካስማ ፈንታ አውታሩ በድንጋይ ይታሰራል። በራሱ ይቆማል ማለት ግን ሳይታሰር ይተዋል ማለት አይደለም። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በድሬዳዋ ከፍታ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ላይ 5 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሸክሙ 20 ኪሎ ይሆናል። ባዶ ድንኳን ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ነፋስ ይበራል።

በተራራ ሥር ነፋሱ ቀንና ሌሊት አቅጣጫውን ይለውጣል። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ይፈስሳል። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባለው ዳገት ላይ የሚያድር ሰው የድንኳኑን በር ወደ ተራራው ቢያዞር የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በነጻ ያገኛል።

ሲገዙ

ብዙ አምራቾች ሁለት ክብደት ይጽፋሉ። አንዱ ጨርቁንና ዘንጉን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ካስማውን፣ አውታሩንና ከረጢቱን ይጨምራል። ትከሻ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው፤ ከተቻለ ሁሉንም አንድ ላይ አድርገው በሚዛን ያስመዝኑ። ለበረዶ አገር የተሠሩት ድንኳኖች ጨርቃቸው ጥቅጥቅ ያለ፣ መረባቸው ጥቂት ስለሆነ ዋጋቸው ቢወደድም ለቆላ አይሆኑም። ውስጡ ገብተው ይተኙበት፤ ርዝመቱ ከቁመትዎ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልበለጠ እግርዎ ወይም ራስዎ ጨርቁን ይነካል፣ ጤዛውንም ይጠጣል። ዘንጉ አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ፋይበርግላስ ይከብዳል፣ ሲሰበርም ይሰነጠራል። ከጉዞው በፊት ግቢ ውስጥ ተክለው ውሃ ያርከፍክፉበት፤ የሚያፈስ ስፌት ካለ ቤትዎ ሆነው ያገኙታል።

እነዚህን ሁሉ የሚያሟላ፣ መረቡ የበዛ፣ ሁለት ሽፋን ያለውና በራሱ የሚቆም የአንድ ሰው ድንኳን ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። በርካሽ ዋጋ ከሚገኘው 2.5 ኪሎ ድንኳን ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ያስይዛል። ከዚያ በታች የሚወርድ ሰው መረቡን፣ ዘንጉን ወይም ወለሉን እየቆረጠ ነው፤ በደጋ ሣር ላይ ይህ ያዋጣ ይሆናል። በድሬዳዋ ቆላ ግን እነዚህ ሦስቱ የሌሊቱን ላብ፣ የወባን ትንኝና የደቻቱን ጎርፍ የሚያርቁ ናቸው። ክብደት መቀነስ ካስፈለገ ከሌላው ዕቃ ይቀነስ።