የቤተሰብ ትዝታ በምን ይሻገራል?

መግቢያ

የሥነ ቃል ጥናት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና የቃል ግጥም ነው። ከእነዚህ ጎን ግን በየቤቱ የሚነገር፣ ጥራዝ ውስጥ እምብዛም የማይገባ ሌላ ቃል አለ። አያት የት እንደተወለዱ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ታቦት ለምን እንደሚዘከር፣ በክፉ ቀን ማን ማንን እንዳስጠጋ የሚናገረው ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ቃል «የቤተሰብ ትዝታ» እለዋለሁ።

ስለ ቤተሰብ ትዝታ ሁለት ስሞታዎች ይሰማሉ። ታላላቆች «የዛሬ ልጅ አይጠይቅም» ይላሉ፤ ወጣቶችም «አይነግሩንም» ይላሉ። ሁለቱም ስሞታዎች እውነትነት አላቸው፤ ሆኖም ከችግሩ ሥር የሚደርሱ አይመስለኝም። በእኛ ማኅበረሰብ ትዝታ ለብቻው፣ «ልጄ፣ ተቀመጥና ታሪክህን ልንገርህ» ተብሎ የሚተላለፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚተላለፈው በሌላ ሥራ ላይ ተጭኖ ነው። መሬት ሲጠየቅ፣ ጋብቻ ሲታሰብ፣ ለሕፃን ስም ሲወጣ፣ ዝክር ሲዘከር፣ ሙት ሲለቀስ፣ ቡና ሲጠጣ ይነገራል። ሥራው አጋሰስ ነው፤ ትዝታው ጭነት። አጋሰሱ ከወደቀ ጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ግንኙነት በጥቂት ምሳሌዎች ማብራራትና ለቃል ሰብሳቢዎች የሚኖረውን ትርጉም ማመልከት ነው።

1. ርስትና የትውልድ ቆጠራ

ግንኙነቱ ጎልቶ የሚታየው በትውልድ ቆጠራ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የርስት ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። የርስት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው በመወለድ ነበር። በጎጃም ይህ ሰው «ዋና አባት» ሲባል፣ ድርሻው የተከፈለላቸው ልጆቹ ደግሞ «ምንዝር አባት» ይባሉ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያደረገውና በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ አንድ ገበሬ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን እየቆጠረ ከተለያዩ ዋና አባቶች ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ መቁጠር ጨዋታ አይደለም። ጠያቂው በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ እስከ ዋናው አባት ድረስ ስም በስም መውጣት አለበት። አንዱን ስም ከዘለለ ወይም ካቀያየረ ተከራካሪው በዚያው ይይዘዋል። ስለዚህ ቆጠራን የሚያውቅ ሽማግሌ ይከበራል፤ ይፈራልም። ልጁም የአያት ቅድመ አያቱን ስም የሚያጠናው ነገ የሚያርሰው መሬት በእነዚያ ስሞች ላይ ስለቆመ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ርስት በእናት በኩልም ስለሚወርድ የሴቶች ስም ከቆጠራው ሊወጣ አይችልም ነበር። «እገሌ እገሊትን ወለደ፤ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ የሚሄድ ቆጠራ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ቆጠራው ይህን ሥራውን አጣ። የቀረው ሌላው ሥራው ጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ እንዳይጋባ መጠበቅ። ይህም ቢሆን ከተማ ገብቶ ሲላላ ይታያል።

በሥነ ቃል ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼን ትውልዳቸውን እንዲቆጥሩ በየዓመቱ አዝዛቸዋለሁ። ብዙዎቹ በአባት በኩል አምስትም ሰባትም ይደርሳሉ። በእናት በኩል ግን ከአያት ሲያልፉ ይቆማሉ። የአባት መስመር የቀጠለው መታወቂያ ላይ በሚጻፈው ስም እየተደገፈ ነው፤ የእናት መስመር ደጋፊው ርስቱ ነበርና ከርስቱ ጋር ደበዘዘ። ወጣቶቹ ለእናቶቻቸው ያላቸው ፍቅር አልቀነሰም፤ የቀነሰው ስማቸውን የሚጠራው ሥራ ነው።

2. ስምና የስም ምክንያት

ሁለተኛው አጋሰስ ስም ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ለሕፃን የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ የተወለደበትን ሁኔታ ይናገራል። ምትኩ ወይም ካሣ የሚባል ልጅ ከእሱ በፊት የሞተ ሰው መኖሩን ያመለክታል፤ ማስረሻ ቤቱ ኀዘን ላይ እንደነበረ፣ ዘነበች ዝናብ መውረዱን፣ ፋሲካ በዓሉን። ስሙ አንድ ቃል ይሁን እንጂ በውስጡ ሙሉ ታሪክ ታጥፎ ተቀምጧል። ታሪኩ የሚዘረጋው ደግሞ «ለምን እንዲህ ተባለ?» የሚል ሰው ሲገኝ ነው። ከአጎቶቼ አንዱ ማስረሻ ይባሉ ነበር። ከእሳቸው በፊት ሁለት ወንድሞቻቸው በአንድ ክረምት በፈንጣጣ ማለቃቸውን እኛ ልጆቹ የሰማነው ስለ ስማቸው ስንጠይቅ ነው። የእነዚያን ሁለት ሕፃናት ነገር ከዚያ ስም በቀር የሚያስታውስ ነገር በቤታችን አልነበረም።

የክርስትና ስም ሌላ ሥራ አለው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ሲጠመቁ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዕለት ኑሮ አይጠራም። የሚያስፈልገው በጸሎትና በፍትሐት ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲሞት ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች ሰዓት የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ቤተሰቡ ይጨነቃል፤ ለነፍሱ በምን ስም ይለመንለት? ሃይማኖት ትዝታን ግዴታ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

3. ዝክር፣ ጽዋና ልቅሶ

በክርስቲያኑ ቤት የሚዘከር ታቦት በአብዛኛው የተወረሰ ነው። እናት በወር በወሩ ወይም በዓመት ሚካኤልን ሲዘክሩ ኖረው ሲያልፉ ልጅ ይቀበላል። ማኅበር የሚጠጣም ሲሞት ልጁ በእሱ ቦታ ይገባና ጽዋው ተራውን ጠብቆ ከዚያ ቤት መድረሱን አያቋርጥም። ልጅ ከጽዋው ጋር የወላጁን ወዳጆችና የወላጁን ታሪክ አብሮ ይወርሳል።

በእኛ ቤት ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል ይዘከራል። አያቴ ወደ ማይጨው ሲዘምቱ ሴት አያቴ «በሕይወት ከመለስክልኝ በየዓመቱ እዘክርሃለሁ» ብለው የተሳሉት ስለት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት አያቴ ተርፈው ተመለሱ። ሴት አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዘከሩ፤ ከእሳቸው በኋላ እናቴ ቀጠሉ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቄሱ ከባረኩ በኋላ የስለቱ ታሪክ ሳይነሣ የቀረበት ዓመት አላስታውስም።

ይሁን እንጂ የምናውቀው የስለቱን ታሪክ ብቻ ነው። አያቴ በማን ጦር ውስጥ እንደነበሩ፣ ጦር ሜዳ ላይ ያዩትን፣ ሲመለሱ በየት በኩል እንደመጡ ከመካከላችን የሚነግር የለም። ዝክሩ የጠየቀው «ሄደ፣ ተሳልኩ፣ ተመለሰ» የሚለውን ነበርና ያንኑ ያህል ተረፈ። የቃል ማስታወሻ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚጥል የሚወስነው የሚያገለግለው ሥራ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳየኝ ምሳሌ የለም።

ነገሩ የክርስቲያኑ ቤት ብቻ አይደለም። በወሎ በአንድ የትውልድ ቆጠራ ውስጥ የእስላምና የክርስቲያን ስም ተከታትሎ ይገኛል። በመንዙማና በዱዓ የሚታወሱ ሸሆች በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ፤ ዱዓ ተደርጎ፣ ቡና ተፈልቶ ታላላቆች ሲመርቁ፣ ያለፉት ስማቸው ይነሣል። እምነቱ ቢለያይም ትዝታ የሚጫንበት ሥርዓት አሠራሩ ይመሳሰላል።

ልቅሶም እንደዚሁ ነው። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ወገን እየጠራች፣ ሙያውን እየዘረዘረች ስታስለቅስ ከዳር የቆመው ወጣት የማን ዘመድ እንደሆነ ይሰማል። ልቅሶ ቤት የማያውቀውን ያጎቱን ልጅ ያገኘ ብዙ ሰው ነው።

4. የቡናው ሸንጎ

እስካሁን ያየናቸው ጉልህ ሥርዓቶች ናቸው። የዕለት ኑሮ ትዝታ ግን የሚሻገረው በቡና ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚወራው ወሬ የትናንቱንም የድሮውንም ይቀላቅላል። እህል የተወደደበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ራዲዮ የገባበት ቤት፣ ከአማቷ ጋር ያልተስማማችው ሙሽራ ይነሣሉ። ልጅ በዚህ ሸንጎ ተናጋሪ አይደለም፤ ቁርስ አቅራቢ፣ ስኒ አቀባይ ነው። ለእሱ የተነገረው ጥቂት ነው፤ ሲያልፍ ሲያገድም የሰማው ግን ብዙ ነው። ታላቆችም ልጅ የሚሰማ ስለማይመስላቸው ቀጥታ ቢጠየቁ የማይናገሩትን ይናገራሉ። ልጁ ከዚህ አገልግሎት ተነሥቶ ሌላ ክፍል በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ፊት ሲቀመጥ፣ ቡናው ባይቀርም ሰሚው ቀርቷል።

5. ሥርዓቱ ሲቋረጥና አዲስ ሥራ ሲገኝ

ሥርዓቱ በኃይል የተቋረጠበት ዘመንም አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። አስከሬን ሳይቀበር፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ሙሾ ሳይወርድ፣ አንዳንዱም ተዝካር ሳይወጣለት ቀረ። ቃሉ የሚወርድበት ሥርዓት ስለታገደ ቃሉም ታገደ። በብዙ ቤት ዛሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የወጣት ፎቶግራፍ አለ፤ የእህትና የወንድም ልጆች ስሙን ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈውን አያውቁም። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለአንዳንዱ ቤተሰብ ዘግይቶ የመጣ የልቅሶ ቦታ ሆኗል ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል፣ አሮጌው ሥርዓት አዲስ ሥራ አግኝቶ ትዝታን የሚሸከምበት ምሳሌ አለ። ቤተ እስራኤላውያን በአገራችን ሳሉ ስግድን የሚያከብሩት እየጾሙ ተራራ ወጥተው፣ ቄሶቻቸው ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ እየጸለዩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። በዚያ የሕፃናቱ ስም በብዛት ወደ ዕብራይስጥ ተለወጠ፤ የአያት ቋንቋ አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ የልጅ ልጅ ቋንቋ ዕብራይስጥ ሆነ። ከደረሱ በኋላ «እንድንደርስ» ብሎ መጸለይ ትርጉሙ ሊጠፋ ይችል ነበር። ስግድ ግን አልቀረም፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት የአገሪቱ በዓል እንዲሆን ወሰነ። ዛሬ የልጅ ልጆች በኢየሩሳሌም ከአያቶቻቸው ጋር ቆመው የሱዳኑን መንገድ የሚሰሙበት ቀን ሆኗል። ጭነቱ ያው ነው፤ አጋሰሱ ሌላ መንገድ ለመደ።

6. ለቃል ሰብሳቢው

ከላይ የተባለው ትክክል ከሆነ የምንሰበስብበት መንገድም ሊታሰብበት ይገባል። መቅረጸ ድምፅ አስቀምጦ «እማማ፣ የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ማለት ብዙ ጊዜ አጭርና ደረቅ መልስ ያስገኛል። ቃሉ የሚኖርበትን ዐውድ ተከትሎ መጠየቅ ይበጃል፤ «ይህ ታቦት በዚህ ቤት ከማን ጀምሮ ይዘከራል?»፣ «እርስዎን ስም ያወጣልዎት ማን ነው?»፣ «በእናትዎ በኩል ይቁጠሩልኝ።» ከቃሉ ጋር ማን እንደነበረ፣ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ማን እንዳረመና ማን ዝም እንዳለ መመዝገብ ያስፈልጋል። «ይቅር የኔ ልጅ» የሚሉ እናት ሲያጋጥሙ ግን ዝምታውን ማክበር ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። አዛውንቶች ዓመተ ምሕረት ባይቆጥሩም ዘመን አያጡም፤ ወንጌላዊውን፣ በዓሉንና አገር ያወቀውን ነገር ይጠቅሳሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ሲካፈል 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አንዲት እናት «የተወለድኩት ጣልያን እያለ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው» ቢሉን፣ ጣልያን በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ዘመነ ሉቃስ የዋለው በ1931 ብቻ ነው። ልደታቸው ነሐሴ 24 ቀን 1931 ዓ.ም. ይሆናል። «ዕድሜዋን አታውቅም» የምንላቸው እናት ቀኑን ጭምር ነግረውናል፤ ማስላቱ የእኛ ፋንታ ነው።

መደምደሚያ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ «በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ» ብለውታል። እንዲህ ያለ ጸሐፊ ያለው ቤት ጥቂት ነው። የቀረው ቤት ማስታወሻው ቆጠራው፣ ስሙ፣ ዝክሩ፣ ልቅሶውና ቡናው ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሥራቸው አብቅቷል፤ ርስት ተመልሶ ይምጣ የሚል የለም። ሆኖም ሥራው ሲያልቅ ትዝታውም ማለቅ የለበትም። የስግድ ምሳሌ እንደሚያሳየው አዲስ ሥራ ሊሰጠው ይችላል። የእናትን ወገን ስም ከሠርግ ጥሪ ጋር መቁጠር፣ የዝክሩን ምክንያት ዳቦ ከመቆረሱ በፊት ለልጆች እንዲናገሩ መስጠት፣ ልጅን ወደ ቡናው መመለስ ቀላል ነገሮች ናቸው። የሥነ ቃል ተማሪም ከሩቅ ወረዳ ከመሄዱ በፊት ከገዛ ቤቱ ቢጀምር እመክራለሁ። የሚጠይቃቸው ሰዎች ጊዜያቸው አጭር ነው።