ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን ከቀዶ ጥገና በፊት የሚደረግ እርዳታ

ሕፃን ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ሊወለድ ይችላል። ይህ እርግማን አይደለም፤ በፅንሱ የመጀመሪያ ወራት ሊገጥሙ የሚገባቸው የፊት ክፍሎች ሳይጋጠሙ በመቅረታቸው የሚመጣ ነው።

ከንፈሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ነው። እስከዚያ ግን ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ምግብ ነው፤ ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን ስቦ መጥባት ያቅተዋልና እናቱ ቀና አድርጋ ይዛ የታለበ ወተቷን በኩባያ ወይም በማንኪያ ቀስ በቀስ ታጠጣዋለች። ሁለተኛው ስንጥቁን ማጥበብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድዱና አፍንጫው ገና ለስላሳ ስለ ሆኑ፣ ሐኪሙ በላንቃው ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ክዳን ያደርግለታል፤ ከንፈሩንም በፕላስተር ያቀራርባል። ክዳኑን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየፋቀና እየጨመረ ያስተካክለዋል።

ቀዶ ጥገናው ዘግይቶም ይደረጋል፤ ይህ እርዳታ ግን ድዱ ከጠነከረ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ወላጆች በኀፍረት ሕፃኑን ከመሸሸግ ይልቅ፣ እንደ ተወለደ ወደ ሐኪም ሊወስዱት ይገባል።