ቃልና ሰሚ

ንግግር በሦስት ነገር ይቆማል፤ በተናጋሪ፣ በቃልና በሰሚ። ሰው በልቡ ያሰበውን ሌላው ሊያይበት አይችልም፤ ስለዚህ አሳቡን ቃል አልብሶ ይልከዋል። ሰሚውም ቃሉን በጆሮው ተቀብሎ በልቡ ይተረጕመዋል። የተላከውና የተተረጐመው አሳብ አንድ ሲሆን ሁለቱ ሰዎች ተግባቡ ይባላል።

ነገር ግን ቃል እርዳታ ይሻል። «አለ» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ይገኛል» ማለት ነው። ፊት ለፊት ስንነጋገር ድምፅና ፊት ትርጓሜውን ያስታውቃሉ፤ በጽሕፈት ግን እነዚህ ስለሚቀሩ፣ አንባቢ ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን አይቶ ይለያል።

ቋንቋ ሲለያይ ደግሞ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ቢፈቅዱ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ከሌሎች ነገሥታት ጋር መላላክ እንዲቻላቸው ይናገራል፤ የኢጣልያ መንግሥት ግን የራሱን ጽሕፈት ይዞ ግዴታ ነው አለ። የግዛት ምኞትም ተጨመረበትና ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ ጦርነት ምክንያት ሆነ፤ በዚያም ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው ወደቀ።

ልጄ ሆይ፣ ስትናገር ሰሚህን አስብ። ስትሰማም ነገሩ ሳያልቅ አትፍረድ። የገባህ ቢመስልህ እንኳ «እንዲህ ማለትህ ነውን?» ብለህ ጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሳይረዱ ተረዳሁ ማለት ግን ወንድምን ከወንድም ያጣላል።