በሁለት የድምር ሥርጭት መሥመሮች መካከል ያለው ስፋት ምን ይነግረናል?

የሁለት ክፍል ተማሪዎች አንድ ዓይነት ፈተና ወሰዱ እንበል። በመጀመሪያው ክፍል ሁሉም 50 አገኙ፤ በሁለተኛው ግማሾቹ 30፣ ግማሾቹ ደግሞ 70 አገኙ። የሁለቱም አማካይ 50 ነው። አማካይን ብቻ የሚመለከት መምህር ክፍሎቹ አይለያዩም ብሎ ቢደመድም፣ ተጨማሪ እገዛ የሚያሻቸው የሁለተኛው ክፍል ግማሽ ተማሪዎች ከዓይኑ ይሰወራሉ።

ልዩነቱን ለማየት የድምር ሥርጭት መሥመሮችን እንሣል። በአግድሙ ዘንግ ላይ የፈተና ውጤትን፣ በቋሚው ዘንግ ላይ ያን ውጤት ወይም ከዚያ በታች ያገኙትን ተማሪዎች ድርሻ እናስቀምጣለን። የመጀመሪያው ክፍል መሥመር እስከ 50 ድረስ ዜሮ ላይ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ወደ 1 ይዘላል። የሁለተኛው ክፍል መሥመር 30 ላይ ወደ 0.5፣ 70 ላይ ደግሞ ወደ 1 ከፍ ይላል። በመካከላቸው ሁለት አራት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ፤ አንዱ ከ30 እስከ 50፣ ሌላው ከ50 እስከ 70። የእያንዳንዳቸው ስፋት 20 በ0.5 ተባዝቶ 10፣ ድምሩም 20 ይሆናል።

20 ምን? ውጤቱ ከ1 በመብለጡ የሚደናገር ተማሪ አይታጣም። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ግን እንደ ልማዳችን አስቀድመን መለኪያውን እንጠይቃለን። ቋሚው ዘንግ ድርሻ በመሆኑ መለኪያ የለውም፤ አግድሙ የሚለካው በነጥብ ነው። ስለዚህ ስፋቱ 20 ነጥብ ነው። ይህም የሁለተኛው ክፍል ውጤቶች የመጀመሪያውን እንዲመስሉ ለማድረግ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት በአማካይ ቢያንስ 20 ነጥብ ማንቀሳቀስ ይኖርብናል ማለት ነው። ስፋቱን በቀጫጭን አግድም ቁራጮች ብንከፍለው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ርዝመት በየክፍላቸው ተመሳሳይ ደረጃ በያዙ ሁለት ተማሪዎች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት ነው።

የማንቀሳቀስ ሐሳብ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ እ.ኤ.አ. በ1781 አፈርን ከሚቆፈርበት ወደሚሞላበት ስፍራ በአነስተኛ ድካም ስለማጓጓዝ ጽፎ ነበር፤ ሶቪየታዊው ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1942 ጥያቄውን አስፍቶ አነሣው። ዛሬ ይህ ስፋት የዋሰርስታይን ርቀት በመባል ይታወቃል።

ስፋቱ ሲደመር ግን ምልክት መጣል አለበት። አንዱን አራት ማዕዘን +10፣ ሌላውን -10 ብንል ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ ይህም የአማካዮቹ ልዩነት እንጂ ሌላ አይደለም። በመሥመሮቹ መካከል ያለውን ከፍተኛ ቋሚ ክፍተት ብቻ የሚወስደው የኮልሞጎሮቭና ስሚርኖቭ መለኪያም ሌላ ነገር ይነግረናል። ሁለተኛው ክፍል 30 እና 70 በማግኘት ፈንታ 49 እና 51 ቢያገኝ፣ ያ ክፍተት እንደ በፊቱ 0.5 ነው፤ ስፋቱ ግን ከ20 ወደ 1 ነጥብ ይወርዳል።