ስልክ ተሰክቶ አልሞላ ሲል

በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ ከመርጡለ ማርያም ከተማ ወጣ ባለው ገጠር፣ ዛሬ የእጅ ስልክ ያለው ገበሬ ብዙ ነው። በስልክ የእህል ዋጋ ይጠየቃል። እናት በሌሊት ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ ይጠራል። ባትሪው ባዶ ከሆነ ግን ስልኩ ባዶ ቀፎ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ስልኩ ማታ ተሰክቶ ያድራል፤ ጧት ሲያዩት ግን አልሞላም። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው «ባትሪው ሞተ» ብሎ ይፈርዳል። ገንዘብ ይዞ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል። ቸኩሎ መፍረድ ግን ለኪሳራ ይዳርጋል።

መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውሃው ማሳው ላይ አልደርስ ሲለው ማሳውን አይወቅስም። ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተናደውን ወይም የተደፈነውን ቦታ ይፈልጋል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ መንገድ አለው። ከሶኬት ይነሳል፤ በቻርጀሩ ያልፋል፤ በገመዱ ይሄዳል፤ በስልኩ ቀዳዳ ገብቶ ባትሪው ውስጥ ይጠራቀማል።

ስለዚህ መጀመሪያ በዚያው ቻርጀርና ገመድ ሌላ ስልክ ይሰካ። እሱም ካልሞላ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ከዚያ የጎረቤት ገመድ ተውሶ መሞከር ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ ቻርጀሩ ይለወጥ። አንድ በአንድ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከለወጡ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ቶሎ የሚጎዳው ገመዱ ነው። በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ሽቦዎች አሉ። ስንስበውና ስንጠመዝዘው አንገቱ ላይ ይበጠሳሉ፤ ውጩ ግን ደህና ይመስላል። ሲያጥፉት የሚሞላ፣ ሲለቁት የሚያቆም ከሆነ ውስጡ ተበጥሷል።

ገመዱ ደህና ሆኖ አልሞላ ካለ የስልኩ ቀዳዳ ይታይ። የኪስ ብናኝ፣ ዱቄትና የአውድማ ገለባ እዚያ ገብቶ ይጠቀጠቃል። ስልኩን አጥፍቶ፣ ከገመዱ ነቅሎ፣ በደረቅ ቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። መርፌ ግን አይግባበት! ቀዳዳው ረጥቦ ከሆነም እስኪደርቅ አይሰካ።

መብራት በሌለበት ምንጩ ሶላር ነው። የሶላር ሰሌዳ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ተያይዘው የተሠራ ነው። ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ቢቆም ሌላው ብቻውን አያርስም። እንደዚሁም የዛፍ ቅርንጫፍ የሰሌዳውን አንድ ጥግ ብቻ ቢያጠላበት ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። አቧራና ጥላሸትም እንዲሁ ያዳክሙታል፤ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። በአገራችን የቀትር ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ስለዚህ ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ጥቂት ዘንበል ይበል። በክረምት ደመና ሲበዛ መዘግየቱ ግን ብልሽት አይደለም።

ሰሌዳው ፀሐይ ይወዳል፤ ስልኩ ግን ጥላ ይወዳል። ሁለቱን አብሮ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው አለ። ስልክ በጣም ሲግል ባትሪው እንዳይጎዳ ብሎ መሙላቱን ራሱ ያቆማል። በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ይህ ያጋጥማል። ስልኩን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ማቀዝቀዝ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ስልኩ አሁንም ካልሞላ፣ ባትሪው አርጅቶ ወይም የስልኩ ውስጥ ተበላሽቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ጠጋኝ ይወሰድ። ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ከገፋው ግን ዳግመኛ አይሰካ። ቀድሞ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ የስልክ ባትሪ ግን እንዲህ አይደረግም። ቢበሳ ወይም እሳት ውስጥ ቢጣል ይነዳል። ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከሣርና ከጭድ ርቆ ይቀመጥ።