ብርሃኑ የት ነው ያለው? የሄስዳለን ሸለቆ እንቆቅልሽ

መካከለኛው ኖርዌይ ውስጥ፣ ከትሮንድሄይም ከተማ በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሄስዳለን የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነዋሪው 150 ሰው ቢደርስ ነው። ክረምቱ የሚረዝምበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተራራቀበት የገበሬ አገር ነው። ከዲሴምበር 1981 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሸለቆ ዓለም ያወቀው በእርሻው ሳይሆን በሰማዩ ነው።

የታየው ነገር አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዱ ብርሃን ነጭ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ሌላው ቢጫ ነው፤ በተራራው ወገብ ላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ሁለት ሦስት ሆነው፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጠብቀው አብረው የሚጓዙም ታይተዋል። ጉዳዩ በበረታበት ወቅት፣ ማለትም እስከ 1984 የበጋ ወራት ድረስ፣ በሳምንት ከ15 እስከ 20 ጊዜ ብርሃን እንደታየ ይነገር ነበር። ጋዜጠኛው፣ ዩፎ አሳዳጁ፣ ከሩቅ አገር የመጣው ቱሪስት ሁሉ በዚያ ብርድ ወደ ሸለቆው ጎረፈ። ከሌላ ፕላኔት እንግዳ መጣ ያለ ነበር፤ ገበሬዎቹ አውሮፕላን ከኮከብ መለየት አቅቷቸው ነው ብሎ የሳቀም አልጠፋም።

ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ጥቂት ሰዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በ1983 ኤርሊንግ ስትራንድ የተባለ ኢንጂነርና ባልደረቦቹ «ፕሮጀክት ሄስዳለን» የሚባል ጥናት ጀመሩ። ገንዘብ ባይኖራቸውም የኖርዌይ የመከላከያ ምርምር ተቋም፣ የኦስሎና የበርገን ዩኒቨርሲቲዎች ረዷቸው። ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1984 ድረስ፣ በስካንዲኔቪያ ክረምት እምብርት፣ በበረዶ በተሸፈነው ተራራ ላይ ሰፍረው ሌት ተቀን ሰማዩን ጠበቁ። ራዳር ነበራቸው፤ የመሬትን ንዝረት የሚመዘግብ መሣሪያ፣ የመግነጢስ መለኪያ፣ የጨረር መለኪያና ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚበትን ልዩ መሣሪያ የተገጠመላቸው ካሜራዎችም ነበሯቸው።

በዚያ ጊዜ ውስጥ 53 ጊዜ ብርሃን መዘገቡ። ራዳሩ አልፎ አልፎ በዓይን የማይታይ ነገር አሳይቷል፤ አንዱ ምልክት ፍጥነቱ ሲሰላ በሰዓት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ያስወራው ግን የሌዘሩ ሙከራ ነው። ብልጭ ድርግም እያለ ወደሚያልፍ ብርሃን ዘጠኝ ጊዜ ሌዘር ሲያበሩበት፣ ስምንት ጊዜ የብልጭታው አኳኋን ተለወጠ፤ በነጠላ ብልጭ ይል የነበረው በጥንድ በጥንድ ብልጭ ማለት ጀመረ። «መለሰልን» ለማለት የሚያጓጓ ውጤት ነው። ይሁንና ሙከራው ጥቂት ነው፤ በሌላ ቡድን ተደግሞ እስኪታይም ድረስ ከአስገራሚነት አልፎ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እንዲህ ያሉ ቦታዎችን የሚያጠኑ ሰዎች ከ«ምንድን ነው?» በፊት «የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰው ዓይን በጨለማ ውስጥ ርቀት መለካት አይችልም። መቶ ሜትር ላይ ያለ ኩራዝና ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የተሰቀለ የስታዲየም ፓውዛ ለተመልካቹ እኩል ሊመስሉት ይችላሉ። ርቀቱ ካልታወቀ ደግሞ መጠኑ አይታወቅም፤ ፍጥነቱም ኃይሉም እንዲሁ። «እንደ ቤት የሚያህል ነበር፣ በቅጽበት ተወነጨፈ» የሚል ምስክር እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ግን የነገረን ነገር ሁሉ የተመሠረተው ባልለካው ርቀት ላይ ነው።

«የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሌሎች ዝነኛ የብርሃን ሰፈሮችን ምሥጢር ፈትቷል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ብራውን ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ። በላዩ የሚታየው ብርሃን ብዙ ሰው ስላነጋገረ በ1913 የመንግሥት የከርሰ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ልኮ፣ የባቡር መብራት ነው የሚል መልስ ሰጠ። በ1916 ግን ጎርፍ ሐዲዱን አፍርሶ ባቡር ቆመ፤ ብርሃኑ ግን መታየቱን ቀጠለ። የአካባቢው ሰው «ይኸው!» አለ። በ1922 ጆርጅ ማንስፊልድ የተባለ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ካርታና የአቅጣጫ መለኪያ ይዞ ሄደ፤ እያንዳንዱ ብርሃን የታየበትን አቅጣጫ ካርታው ላይ መስመር እያሰመረ ተከተለ። መስመሮቹ ተራራው ላይ አልቆሙም፤ አልፈውት ወደ መንገዶች፣ ወደ ሐዲዶችና ወደ ከተሞች ሄዱ። ከመረመራቸው ብርሃኖች 47 በመቶው የመኪና፣ 33 በመቶው የባቡር መብራት ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው ከቤትና ከመንገድ መብራት፣ ከሚቃጠል ቁጥቋጦም የመጣ ነበር።

በቴክሳስ በረሃ ያለችው ማርፋም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1883 አንድ ከብት ነጂ በሩቅ ብርሃን አይቶ የአፓቼዎች የካምፕ እሳት መስሎት ነበር ይባላል። ዛሬ ከተማዋ በብርሃኖቹ ስም ዓመታዊ በዓል ታከብራለች፤ አውራ ጎዳናው ዳርም ለተመልካች የተሠራ ማረፊያ አለ። በ2004 በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች እዚያው ሰፍረው፣ በአውራ ጎዳና 67 የሚያልፈውን ተሽከርካሪ እየቆጠሩ፣ የራሳቸውንም መኪና በመንገዱ ላይ እየላኩ ቪዲዮ ቀረጹ። ከማረፊያው በስተደቡብ ምዕራብ በሚታዩት ብርሃኖች ላይ የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ የመኪና የፊት መብራት።

መኪናው ከአድማስ በታች ሆኖ ሊታይ በማይችልበት ቦታስ? ለዚህ መልስ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በኩዊንስላንድ ገጠር መንገደኛን እየተከተለ ያስፈራራል የሚባል ሚን ሚን የሚሉት ብርሃን አለ። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው ጃክ ፔቲግሩ በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከዕይታ ውጭ የቆመ መኪና መብራቱን ሲያበራ በሜዳው ላይ ሚን ሚንን መፍጠር እንደሚቻል አሳየ። ማታ መሬት ሲቀዘቅዝ ለእሷ የቀረበው አየር ይበርዳል፣ ከላዩ ሞቃት አየር ይቀመጣል፤ በሁለቱ ድንበር ላይ የሚጓዘው ብርሃን ጎብጦ ከአድማስ በታች ያለውን ነገር ወደ ላይ አንሥቶ ያሳያል። ተመልካቹ ሲራመድ አብሮት የሚራመድ የሚመስለውም ምንጩ ከሚገምተው በላይ ሩቅ ስለሆነ ነው።

ሄስዳለንም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ከ2000 እስከ 2002 የጣሊያን ሳይንቲስቶች ከኖርዌዮቹ ጋር ተባብረው በሸለቆው ተከታታይ ዘመቻ አድርገዋል። ከመካከላቸው የሥነ ፈለክ ፊዚክስ ባለሙያው ማሲሞ ቴዎዶራኒ አንዳንዱ ብርሃን እስከ 19 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል እንደሚያወጣ አሰላ። ወዲያው ከአገሩ ሰው ትችት መጣበት። የፊዚክስ ባለሙያው ማቴዮ ሌዮኔ በ2002 ከተመዘገቡት ብርሃኖች መካከል በሩቅ መንገድ ከሚመጣ መኪና መብራት የማይለዩ እንዳሉ ተከራከረ። የኃይል ስሌቱ የሚቆመው ርቀቱ ትክክል ከሆነ ብቻ ነውና ትችቱ ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ የሄስዳለን መዝገብ በመኪና መብራት ብቻ ተጠቅልሎ የሚዘጋ አልሆነም። በ1998 በሸለቆው ተዳፋት ላይ ሰው የማያስፈልገው መመልከቻ ጣቢያ ተተከለ፤ ካሜራው ብርሃን ሲያይ በራሱ ይመዘግባል። ብርሃኑ እንደ ድሮው ባይበዛም፣ በዓመት ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል አሁንም ይታያል። አውሮፕላኑ፣ መኪናው፣ አጥቢያ ኮከቡ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈውን ለማስረዳት ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከሰማይ ወደ መሬት መልሰዋል።

አካባቢው የማዕድን አገር ነው። ብዙም በማይርቀው በሮሮስ ከ1644 እስከ 1977 ድረስ መዳብ ይወጣ ነበር። በጣሊያን ሜዲቺና የራዲዮ አስትሮኖሚ ጣቢያ የሚሠራው ያደር ሞናሪ፣ ከሸለቆው አንዱ ወገን በዚንክና በብረት የበለጸገ፣ ሌላው ወገን መዳብ ያለበት ዐለት እንደሆነ አስተዋለ። በመካከላቸው የሚፈሰው ወንዝ ከተተወ ማዕድን ጉድጓድ የሚመጣ ድኝ ስላለበት አሲድነት አለው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶችና በመካከላቸው አሲድ ካለ ባትሪ ተሠራ ማለት ነው። ሞናሪ ሐሳቡን ለመፈተን ከሁለቱም ወገን ዐለት አምጥቶ፣ ከወንዙ በተወሰደ ደለል ውስጥ ቢያስቀምጣቸው ትንሽ መብራት የሚያበራ ኤሌክትሪክ አገኘ።

የብራዚል ተመራማሪዎች በ2010 ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ከመሬት የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ በአየር ውስጥ ሲፈራርስ አቧራን በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ የተሞላው አቧራም ተሰብስቦ የሚያበራ ፕላዝማ ይሆናል የሚል ነው። ዐለት ውስጥ ያለ ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ያመነጫልና ምንጩ እሱ ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይቸገራሉ። ኤሌክትሪክ ከየት መጣ ለሚለው ጥሩ መልስ አላቸው፤ ያ ኤሌክትሪክ እንዴት ኳስ ሆኖ አየር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፣ እንዴትስ ቆሞ ሳለ ድንገት ይሮጣል ለሚለው ግን እስካሁን በቂ መልስ አልሰጡም።

በ1985 ሸለቆውን ከጎበኙት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ምሁር አለን ሃይኔክ ነበር። ሃይኔክ የአሜሪካ አየር ኃይል ስለ ዩፎ ያካሄደው «ብሉ ቡክ» የተባለ ምርመራ የሳይንስ አማካሪ ነበር። ያ ምርመራ በ1969 ሲዘጋ 12,618 ጥቆማዎች ተሰብስበው፣ 701ዱ ሳይፈቱ ቀርተዋል። ያልተፈቱት አብዛኞቹ አንድ ጊዜ የታዩና ያለፉ ናቸው፤ አየር ኃይሉ ተመልሶ ሄዶ ሊለካቸው አይችልም። ሄስዳለን ለተመራማሪ የሚመቸው እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑ ተመልሶ ይመጣል፣ ቦታው ይታወቃል፤ የዛሬ ማታው ካመለጠ ሌላ ማታ ካሜራ ይዞ መጠበቅ ይቻላል።

ለዚህም ነው ኖርዌያውያን ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር በመጸው ወራት እዚያ ሲሰፍሩ የቆዩት። የተለያዩ ቡድኖች ከተለያዩ ተራሮች ላይ ሆነው በአንድ ሰዓት ያንኑ ሰማይ ይቀርጻሉ፤ አንድ ብርሃን በሁለት ካሜራ ከተያዘ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ርቀቱን ይነግራቸዋል። የሞናሪ ባትሪ እውነት ከሆነ ብርሃኑ ከሁለቱ ዐለቶችና ከወንዙ ጋር የተያያዘ ቦታ ላይ መደጋገም አለበት፤ የብራዚሎቹ ሐሳብ ከሆነ ደግሞ ብርሃን በታየባቸው ሌሊቶች በአየሩ ውስጥ ያለው ራዶን ከሌሎቹ ሌሊቶች በዝቶ መገኘት ይኖርበታል። መስመሮቹ ከሸለቆው ውጭ፣ ከአንድ መንገድ ላይ ከተገናኙም ሄስዳለን ከብራውን ማውንቴንና ከማርፋ ተርታ ይገባል።